«93 ዲግሪ ገባ፤ ልመልሰው?» ስለ ጌም ላፕቶፕ ሙቀት የምንሳሳታቸው ነገሮች

የአክስቴ ልጅ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። የጌም ላፕቶፕ ከገዛ ሳምንት አልሞላውም። «ፕሮሰሰሩ 93 ዲግሪ ገባ፤ ልመልሰው?» አለኝ። ጌሙ እንዴት ነው አልኩት። «ጌሙማ አሪፍ ነው፤ ምንም አይልም!» ታዲያ የምን መመለስ ነው? እስከ እኩለ ሌሊት ስናወራ ቆየን። ያነሳቸው ነገሮች ከብዙ ሰው የምሰማቸው ናቸው።

«አዲስ ላፕቶፕ 90 ዲግሪ ካለፈ ችግር አለበት»

የግድ አይደለም። የብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ የኮር አይ7-13620ኤች፣ የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እዚያ ሲደርሱ አይቃጠሉም፤ ራሳቸው ፍጥነት ይቀንሳሉ። የተሠሩትም እንዲህ እንዲሆኑ ነው፤ ሙቀቱና ኃይሉ እስከፈቀደላቸው ድረስ ይሮጣሉ። የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ለየት ይላል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በታች ነው የሚቆየው።

ስለዚህ ዲግሪው ብቻውን ብዙ አይናገርም። ግማሽ ሰዓት ከተጫወታችሁ በኋላ ፍሬሙ (ጌሙ በሴኮንድ የሚሠራው የምስል ብዛት) ስንት ላይ እንዳለ ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያታልላሉ፤ ውስጡ ያለው ሙቀት አስተላላፊ መዳብ ገና አልጋለም። 90 ፍሬም የነበረው ቆይቶ 85 ቢሆን ተዉት። 45 ከሆነ ግን፣ ወይም ምንም ሳትከፍቱበት ዝም ብሎ ተቀምጦ 85 ዲግሪ የሚል ከሆነ፣ ዋስትናው ሳያልቅ ወደ ሻጩ ውሰዱት።

«4060 ያው 4060 ነው»

ብዙ ሰው ብሩን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 ለተባለው የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርዱ የሰጠው የኃይል ክልል ከ35 እስከ 115 ዋት ነው። ስንት ዋት እንደሚሰጠው የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ድርጅት ነው። ስስ ላፕቶፕ ሙቀቱን ስለማይችለው ትንሽ ይሰጠዋል፤ ወፈር ያለው ብዙ ይሰጠዋል። ስቲከሩ ግን አንድ ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ «ግራፊክሱ ስንት ዋት ነው?» ብዬ ብጠይቅ ሻጩ ቻርጀሩን ገልብጦ አነበበልኝ። የሞዴሉን ሙሉ ስም ይዛችሁ ራሳችሁ ብትፈልጉ ይሻላል።

«መብራት ቢጠፋም በባትሪ እቀጥላለሁ»

ትቀጥላላችሁ፤ ጌሙ ግን ይንቀረፈፋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የባትሪው አቅም 60 ዋት-ሰዓት ነው እንበል። ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ተደምረው 150 ዋት ቢጎትቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባትሪው ይህን ያህል ኃይል በአንዴ እንዲያወጣም ስለማይፈለግ፣ ላፕቶፑ ገመዱ እንደተነቀለ ራሱን ይቆጥባል። «መብራት ሲሄድ ላፕቶፔ ይበላሻል» የሚለኝ ሰው አለ፤ አልተበላሸም፣ እየቆጠበ ነው። በ65 ዋት የታይፕ ሲ ቻርጀር ጌም መጫወትም ያው ነው፤ ቻርጀሩ አይበቃውም። ከካርቶኑ የወጣውን ትልቁን ተጠቀሙ።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ እዚህ አይሞቅም»

የአክስቴ ልጅ በጣም የተገረመው በዚህኛው ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ መሆኑ ይረዳል፤ እውነት ነው። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የሳሳ ነው። ፋን ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው። በዚያው ፍጥነት ሲሽከረከር የሚገፋው አየር እዚህ ያንሳል፤ ይዞ የሚወጣው ሙቀትም እንዲሁ። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ያለ አንድ ሰው ቪዲዮ ላይ ያሳየውን ዲግሪ ከእናንተ ጋር አታወዳድሩ። ክፍላችሁ ከእሱ ቢቀዘቅዝም ቁጥሩ ሊቀራረብ ይችላል። ድሬዳዋ ላላችሁ ደግሞ አየሩ ወፈር ይላል፤ ሙቀቱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

«ከሥሩ ማቀዝቀዣ ፋን ከገዛሁ አለቀ»

ጥቂት ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል። ኋላውን በሁለት ደብተር ከፍ ማድረግም ብዙ ጊዜ የዚያኑ ያህል ይሠራል፤ ለሱም ብር አይወጣም። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወት ግን ምንም ፋን አያድነውም። አየር የሚስበው ከሥሩ ነዋ!

«ራም ብጨምር ይቀዘቅዛል»

አይቀዘቅዝም። አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ብቻ ካለው ሁለተኛ መጨመር ፍሬሙን ሊያሻሽል ይችላል፤ በተለይ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው። ሙቀት ሌላ ጉዳይ ነው።

«ፔስቱን አስቀይረው»

ፔስት የሚሉት በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ነው። ሳምንት ላልሞላው ላፕቶፕ? ተዉት። ከፍታችሁ ዋስትናውን ብታጡ ማን ይመልስላችኋል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እንነጋገርበታለን፤ ያኔም መጀመሪያ የፋኑን አቧራ አስጠርጉ።

«ፍሬም በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው»

ስክሪኑ 144 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሴኮንድ ከ144 ምስል በላይ ማሳየት ካልቻለ፣ 220 ፍሬም ማምረት ለአብዛኞቻችን ሙቀት ማምረት ነው። ውድድር የሚጫወቱ ልጆች እንደሚከራከሩኝ አውቃለሁ፤ ለእነሱ ልዩነት አለው። ለሌሎቻችን ግን በጌሙ ሴቲንግ ፍሬሙን መገደብ ነጻ መድኃኒት ነው። አንዳንድ ጌም ምንም በማይንቀሳቀስበት ሜኑ ላይ እንኳ 300 ፍሬም እየሠራ ፋኑን ያስጮኸዋል።

የአክስቴ ልጅም ያደረገው ይህንኑ ብቻ ነው። ፍሬሙን 90 ላይ ገደበው፤ ላፕቶፑን ከአልጋው ላይ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አደረገው። አዎ፣ አልጋ ላይ ነበር! በማግስቱ 79 ዲግሪ የሚል ስክሪንሾት ላከልኝ። ከሥሩ «ፋኑ ዝም አለ፤ ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ጽፎበታል።