የኮሌጅ ፉትቦል መከላከያ አመራረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የማወራው ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነው። አሜሪካ ከምንኖረው ብዙዎቻችን ከቅዳሜው ጨዋታ ጋር የተዋወቅነው ልጆቻችን ኮሌጅ ሲገቡ ነው። ጨዋታውን ስንወደው ክርክሩም አብሮ መጣ። በተለይ ስለ መከላከል የሚባለው ነገር ያሳስበኛል። ጥሩ አሰልጣኝ ስልት ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው እጁ ላይ ያሉትን ልጆች ነው። ይህ ሲረሳ ግን ስልቱ የማይሆነው ልጅ «አይችልም» ይባላል።

ጨዋታውን ለማያዘወትር በአጭሩ፦ ተከላካዩ ቡድን 11 ሰው ያሰልፋል። ከፊት የሚጋፉት ግዙፎቹ የላይን ተጫዋቾች ናቸው። ከእነሱ ኋላ ላይንባከሮች ይቆማሉ። ረጅም ኳስ እንዳይጣልባቸው የመጨረሻውን ክፍል የሚጠብቁት ደግሞ ኮርነርባኮችና ሴፍቲዎች ናቸው። 4-3 ሲባል 4 የላይን ተጫዋች፣ 3 ላይንባከር፣ የቀሩት 4 ከኋላ ማለት ነው።

«ዋናው ጥያቄ 4-3 ወይስ 3-4 ነው»

አይደለም። ቁጥሩ የሚነግረን ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ማን የት እንደቆመ ብቻ ነው። ስልት የሚባለው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። አጥቂው ቡድን ከፊት 5 የላይን ተጫዋቾች አሉት። በመካከላቸውና በዳርና ዳር 6 ክፍተቶች ይፈጠራሉ። ሯጩ በየትኛውም ሊወጣ ስለሚችል እያንዳንዱ ክፍተት ባለቤት ያስፈልገዋል። ባለቤቱ እጁን መሬት አስነክቶ ይነሳ ወይስ ቆሞ ይጠብቅ የሚለው ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ደግሞም ዛሬ አብዛኛው የኮሌጅ ቡድን ኳስ ተቀባዮችን በሜዳው ስፋት በትኖ ነው የሚያጠቃው። ስለዚህ ተከላካዩ አንድ ላይንባከር አውጥቶ አምስተኛ የኋላ ሰው ያስገባል። አሰልጣኝ ጌሪ ፓተርሰን በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ይህን 4-2-5 መደበኛ ስልቱ አደረገው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያልፈለጓቸውን ፈጣን ልጆች እየመለመለ፣ የሚሆናቸውን ቦታ ፈለገላቸው። ጄሪ ሂዩዝ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳስ ይዞ የሚሮጥ አጥቂ ነበር። ፓተርሰን ወደ ተከላካይ ላይን ዳር አመጣው። በ2010 ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) በዓመታዊው የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ በድራፍት፣ በመጀመሪያው ዙር መረጠው። ቡድኑም በ2010 የውድድር ዘመን 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ። የመጨረሻው ሮዝ ቦውል በሚባለው ታዋቂ ግጥሚያ ዊስኮንሲንን 21 ለ 19 የረታበት ነው።

«ለኤንኤፍኤል የሠራ ለኮሌጅም ይሠራል»

ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሜዳው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ጋ ስፋቱ 160 ጫማ ነው። ኳሱ የሚነሳበት ቦታ ግን ይለያያል። ሜዳው መሀል ላይ ሁለት ረድፍ አጫጭር መስመሮች አሉ። ኳስ ከእነሱ ውጭ ከቆመ የሚቀጥለው የማጥቃት ሙከራ የሚነሳው በቅርቡ ካለው ረድፍ ላይ ነው። በኤንኤፍኤል በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ርቀት 18 ጫማ ተኩል ነው። በኮሌጅ 40 ጫማ ነው።

አስሉት። በኮሌጅ ኳሱ አንዱ ረድፍ ላይ ሲሆን በአንድ በኩል 60 ጫማ፣ በሌላው 100 ጫማ ሜዳ ይቀራል። ስለዚህ የኮሌጅ አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን የሚመድበው «ሰፊው ጎን» እና «ጠባቡ ጎን» እያለ ነው። ብዙ ሜዳ መሸፈን የሚችለው ፈጣኑ ልጅ ወደ ሰፊው ይሄዳል። ጉልበተኛው ጠባቡን ይይዛል። ኤንኤፍኤል ውስጥ ይህ ልዩነት ያን ያህል አይከብድም።

ሁለተኛው ነገር ሕጉ ነው። ኳስ ወደፊት ሲጣል የአጥቂው ላይን ተጫዋቾች ቀድመው ርቀው መሄድ አይፈቀድላቸውም። ገደቡ በኤንኤፍኤል 1 ያርድ (3 ጫማ)፣ በኮሌጅ 3 ያርድ ነው። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ግን ላይንባከሩን የሚያሳስተው ይኸው ነው። የላይን ተጫዋቾቹ ወደፊት ሲገፉ «ሩጫ ነው» ብሎ ይጠጋል። ኳሱን የሚያከፋፍለው የአጥቂው መሪ፣ ኳርተርባኩ፣ ይህን አይቶ ኳሱን ላይንባከሩ ወደለቀቀው ቦታ ይጥላል። ለዚህ መድኃኒቱ ላይንባከሩን «ዓይንህን ክፈት» ማለት አይደለም። ለሩጫውም ለሚጣለው ኳስም ተጠያቂ የሆነ አንድ ሰው እንዳይኖር ሥራውን ለሁለት ሰው ማከፋፈል ነው።

«ከፊት 3 ሰው ብቻ ካቆምክ በሩጫ ያልፉሃል»

አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር አሳይቷል። በ2017 የመከላከል አሰልጣኙ ጆን ሂኮክ 3 የላይን ተጫዋቾች ከፊት፣ 3 ሴፍቲዎች ከኋላ ማሰለፍ ጀመረ። መሀለኛው ሴፍቲ ከሩቅ ይነሳል። ሩጫ መሆኑን ሲያረጋግጥ ወደፊት ሮጦ ክፍተቱን ይሞላል። አጥቂው ማን እንደሚመጣበት ቀድሞ መቁጠር ይቸግረዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር መግቢያ ላይ በአገሪቱ 3ኛ ደረጃ ላይ የነበረውን ኦክላሆማን በገዛ ሜዳው 38 ለ 31 አሸነፉ። 31 ነጥብ እንደተቆጠረባቸውም አትርሱ፤ ስልቱ ተአምር አይሠራም። ከፊት በሁለት ሰው እየተገፋ ቦታውን የማይለቅ ልጅ ይፈልጋል። ሯጭን ሜዳ መሀል ብቻውን ጥሎ የሚያስቆም ሴፍቲም ይፈልጋል። እነዚህ የሌሉት ቡድን ባይሞክረው ይሻላል።

«ሻምፒዮኑን መቅዳት ነው»

የ2021 የጆርጂያ ቡድን በአማካይ በጨዋታ 10 ነጥብ ገደማ ብቻ ነበር የሚቆጠርበት። በመጨረሻም አላባማን 33 ለ 18 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። አሰላለፉን ከቪዲዮ መገልበጥ ይቻላል። ጆርዳን ዴቪስን ግን ከየት ታመጣላችሁ? ክብደቱ ከ150 ኪሎ በላይ ሆኖ 40 ያርድ በ4.78 ሰከንድ የሮጠ ልጅ ነው። ከዚያ መከላከያ 5 ተጫዋቾች በ2022 ድራፍት በመጀመሪያው ዙር ተመርጠዋል። እንዲህ ዓይነት ልጆች መመልመል የማይችል ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ስልት ቢይዝ፣ በጉልበት መበለጡን አምኖ ሜዳ እንደመግባት ነው።

«ስልቱ ሲወሳሰብ ይሻላል»

የኮሌጅ ተጫዋች ተማሪ ነው። በውድድር ወቅት አሰልጣኝ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ሊያሠራው ሕጉ አይፈቅድም። ስብሰባውም ልምምዱም ጨዋታውም እዚያ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ደግሞ ልጆች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራሉ፤ አዲስ ይመጣሉ። ተጋጣሚው ጨዋታውን ሲያፋጥን ረጅም ትእዛዝ ለማስተላለፍ ጊዜ የለም። የሚያስብ ልጅ ይዘገያል። ጥቂት ነገር በደንብ የለመደ ልጅ ይደርሳል። እኔ አምስት ነገር ቆሞ የሚያውቅ ቡድን ከማይ፣ ሁለቱን እየሮጠ የሚያውቀውን እመርጣለሁ።

«ወይ ዞን ነው፣ ወይ ሰው በሰው»

ዞን ሲባል ተከላካዩ የተመደበለትን የሜዳ ክፍል ይጠብቃል፤ ሰው በሰው ሲባል አንድ ተቀባይ ይከተላል። ድሮ ምርጫው እንደዚያ ነበር። አሰልጣኝ ኒክ ሴባን በአላባማ ያስተማረው ሁለቱን የሚያጣምር ነው። ተከላካዩ በዞን ይጀምራል። ተቀባዩ የሚሄድበትን መንገድ ካየ በኋላ ሰውዬውን ይይዛል። ለመማር ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ወጣት ተጫዋች የበዛበት ቡድን መጀመሪያ ላይ ቀለል ያለውን ዞን ቢይዝ አትፍረዱበት።

«ጥሩ መከላከያ የሚለካው በሰጠው ያርድ ነው»

የራሱ አጥቂ በፍጥነት የሚጫወት ቡድን ተከላካዮቹ ብዙ ጊዜ ወደ ሜዳ ይመለሳሉ። ብዙ የማጥቃት ሙከራ ሲገጥማቸው ደግሞ ተጋጣሚው ወደፊት የሚሄደው ያርድ ይበዛል። ተጋጣሚው ኳስ በያዘበት በእያንዳንዱ ተራ በአማካይ ስንት ነጥብ እንዳገባ አስሉ።