ሊያዞን ላይብረሪያን ምንድን ነው?

ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን ለመላው ክፍል አንድ አሳይመንት ሰጡን። የሚያስፈልገው መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው አንድ ኮፒ ብቻ ነው፤ እሱም ሪዘርቭ ነው፤ እዚያው ይነበባል እንጂ አይወጣም። ብዙዎቻችን ተራ ሳይደርሰን የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ላይብረሪያኗ አዘኑልን። «ምነው መምህራችሁ ቀደም ብለው በነገሩኝ፣ ሌላ እፈልግላችሁ ነበር» አሉን። ስለ አሳይመንቱ የሰሙት ከእኛ ነው።

ሊያዞን ላይብረሪያን የሚባለው ባለሙያ ሥራው ይህ እንዳይሆን ማድረግ ነው። ለአንድ የትምህርት ክፍል፣ ለምሳሌ ለባዮሎጂ ወይም ለታሪክ፣ ይመደባል። ኮርሶቹን ያውቃል። መምህራኑ ምን እያስተማሩና ምን እየተመራመሩ እንደሆነ ይከታተላል። መጽሐፍ ሲገዛም የእነሱን ፍላጎት ይዞ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አሳይመንት ሲታሰብ አብሮ ያስባል።

ለዚህ አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ያለው ኧርላም ኮሌጅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኩዌከሮች የሚባሉ ክርስቲያኖች የመሠረቱት ትንሽ ኮሌጅ ነው። ኢቫን ፋርበር ከ1962 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ቤተ መጻሕፍቱን መርቷል። እዚያ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ሳምንት መደርደሪያ እያሳዩ መሸኘት በቂ ሆኖ አልተገኘም። ላይብረሪያኑ ክፍል ድረስ ሄዶ ያስተምር የነበረው ተማሪው የሚሠራው ጽሑፍ በእጁ ሲኖር ነው። ጥያቄ ያለው ተማሪ ይሰማል፤ የሌለው ያንቀላፋል። መምህሩና ላይብረሪያኑ ሥራውን አስቀድመው ስለተመካከሩበትም፣ ተማሪው የሚፈልገው ነገር እዚያው ይገኝ ነበር።

እኛ ዘንድ ይህ ትብብር ከመጽሐፍ ኮፒም አልፎ ይጠቅማል። ሂናሪን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮግራም ነው፤ የሕክምናና የጤና ጆርናሎችን ለታዳጊ አገሮች ይከፍታል። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት ውስጥ ናት። የሚመዘገበው ግን ተቋሙ ነው፤ መግቢያውን የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ ላይብረሪያኑ ነው። ከመምህሩ ጋር ካልተገናኙ ተማሪው ሲኒየር ኤሴዩን (የመመረቂያ ጽሑፉን) ጉግል ላይ ባገኘው ብቻ ይጽፋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ገንዘብ ቸግሮን አይደለማ! የተከፈተ በር መኖሩን የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው።

አስቸጋሪው ነገር አመለካከቱ ይመስለኛል። ብዙ መምህራን ላይብረሪያንን የሚያዩት እንደ መጽሐፍ ጠባቂ ነው። ላይብረሪያኑም «እኔ ምን አግብቶኝ» ብሎ ከዴስኩ አይነሳም። መረጃ መፈለግና ምንጭ መመዘን ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የኮርሱን ይዘት ደግሞ መምህሩ ያውቃል። አንዱ የሌላውን ሊሸፍን አይችልም።

መምህር ከሆናችሁ ለመጀመር ደብዳቤም ኮሚቴም አያስፈልግም። ሴሚስተሩ ሳይጀመር ኮርስ አውትላይናችሁን ይዛችሁ ላይብረሪያኑ ጋ ሂዱ። «ከዚህ ውስጥ የትኛው አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሌለውን አብራችሁ ፈልጉ፤ አሳይመንቱን ከዚያ በኋላ ጻፉት።