ከምስለ ፍቁር ወልዳ ሥር ያለው ሰው፦ በሰሜን ሸዋ የሚታየው ምስል የማን ነው?

በሰሜን ሸዋ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳን እግር ሥር ተደፍተው ወይም እጃቸውን ዘርግተው የሚታዩ ሰዎች አሉ። ሥዕሉን ያሣሉ ነገሥታት፣ መኳንንትና ወይዛዝርት ናቸው፤ ቦታቸውም ብዙ ጊዜ ከምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከምትታይበት ሥዕል) ሥር ነው። በአጠገባቸው «ዘከመ ተማኅፀነ» (እንደ ተማፀነ) የሚል የግዕዝ ጽሑፍ ይሠፍራል፤ ስሙ ከዚያ ይከተላል። ጽሑፉ ሲደበዝዝ፣ ሲፋቅ ወይም በእድሳት ቀለም ሲሸፈን ክርክር ይነሣል።

ከግራኝ አሕመድ ዘመቻ በፊት ከተሣለው የተረፈው ጥቂት ነው።

በጽሑፍ የበለጸገው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ነው። እኒህ ታላቅ የሸዋ ንጉሥ በአንኮበርና በአንጎለላ ሆነው ከሩቅ የመጡ እንግዶችን በክብር ተቀብለዋል። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር እ.ኤ.አ. በ1839 መጣ። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች በካፒቴን ሃሪስ መሪነት ደረሱ፤ አብሯቸው የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ በርናትዝ የሸዋን ሕይወት በሥዕል አስቀርቷል፤ ሥዕሎቹም እ.ኤ.አ. በ1852 ታትመዋል። ሃሪስ ንጉሡ ግራ ዓይናቸውን እንዳጡ፣ ፊታቸው ግን ግልጽ፣ ደስ የሚያሰኝና ግርማ ያለው እንደ ነበረ ጽፏል።

ይህ ምልክት ንጉሡን ለመለየት ከሁሉ የተሻለ ይመስላል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን አይሠራም። በሥዕላችን ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። የሃይማኖት ጠባቂውን ንጉሥ በአንድ ዓይን የሚሥል ሠዓሊ ከቶ አይገኝም። ስለዚህ «ሁለት ዓይን አለው፤ ሣህለ ሥላሴ ሊሆን አይችልም» የሚለው ክርክር ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ሁለት ዓይን መኖሩም በተቃራኒው ማስረጃ አይሆንም።

ዘውድም ብቻውን አይበቃም፤ ልጃቸው ኃይለ መለኮትና የልጅ ልጃቸው ምኒልክም በሸዋ ነግሠዋል። ክብርት ሴት ከታየች የሣህለ ሥላሴ ሚስት ንግሥት በዛብሽ፣ ወይም ምናልባት እናታቸው ዘነበ ወርቅ ልትሆን ትችላለች።

ስሙ ቢነበብ እንኳ ጥንቃቄ ያሻል፤ በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም ነውና። የምኒልክ የክርስትና ስም ሣህለ ማርያም ነው። ከጽሑፉ «ሣህለ» የሚለው ቃል ብቻ ቢተርፍ አያትየውም የልጅ ልጁም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ ከሥዕሉ ይልቅ መጽሐፍ ይረዳል። በወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ስለ ጉልት የተጻፈው፣ ሰጪውን ከነዘመኑና ከነምስክሮቹ ያስታውሳል። ከግድግዳው ስም ጋር ሲነጻጸር ብዙ ይገልጣል። ለዚህ ግን የግድግዳው ፊደል ከእድሳት በፊት አንድ በአንድ መገልበጥ አለበት፤ አዲሱ ቀለም ከደረቀ በኋላ የሚነጻጸር ነገር አይኖርም።