አውቶፓይለት ምን ያደርጋል፣ ምንስ አያደርግም?

አውቶፓይለት የሚለውን ቃል ብዙ ሰው አውሮፕላኑ ራሱን ያበርራል ማለት እንደሆነ አድርጎ ስለሚረዳው፣ ሥልጠና የሌለው ሰው እንኳ ኮክፒት ውስጥ ገብቶ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ የመንገደኞች አውሮፕላን ሊያበርር እንደሚችል የሚገምቱ አሉ። የመሣሪያው ሥራ ግን ስሙ ከሚጠቁመው ያነሰ ነው። ሰው የሰጠውን ከፍታ፣ አቅጣጫና ፍጥነት ጠብቆ ይጓዛል እንጂ ከነጎድጓዳማ ደመና መራቅ እንደሚያስፈልግ ወይም ነዳጁ ይበቃ እንደሆነ አይወስንም፤ የተሳሳተ ከፍታ ቢሞላለትም ያንኑ በታማኝነት ይፈጽማል።

ያልሠለጠነ ሰው አውሮፕላን ጨርሶ ሊያስነሣ አይችልም ማለት ግን አይደለም። በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. በሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ የምድር አገልግሎት ሠራተኛ የነበረ፣ የአብራሪነት ፈቃድ የሌለው ሰው መንገደኛ ያልጫነ ባለ ሁለት ሞተር ቱርቦፕሮፕ (ሞተሩ ፕሮፔለር የሚያሽከረክር አውሮፕላን) አስነሥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ከበረረ በኋላ አንዲት ደሴት ላይ ተከስክሶ ሕይወቱ አልፏል። ይህ ሰው (ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው) ዕለት ዕለት በአውሮፕላኖች ዙሪያ የሚሠራ ነበር።

አስቸጋሪው ማረፉ ነው። ጄት አውሮፕላን በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ወደ ማኮብኮቢያው ሲቃረብ ፍጥነቱ፣ የቁልቁለቱ ልክና የክንፍ መዘርጊያዎቹ አቀማመጥ በአንድነት መስማማት አለባቸው። በራሱ የሚያርፍ አውሮፕላን መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ ማኮብኮቢያው ተስማሚ የሬዲዮ መምሪያ ሊኖረው፣ አብራሪዎቹም ለዚሁ ሠልጥነው መሣሪያውን ደረጃ በደረጃ ሊያዘጋጁትና እስከ መጨረሻው ሊከታተሉት ይገባል።