«ታች-ላይ-ታች» ምንድን ነው? የማሲንቆን ዜማ በማንዶሊን ማፍጠን

ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት የሰሙትን ዜማ ቤት ገብተው በማንዶሊን ሲሞክሩት ቀስ ተብሎ ይሆናል፤ ወደ እስክስታ ፍጥነት ሲጠጋ ግን ቀኝ እጅ ይተሳሰራል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጣት ሳይሆን የፒኩ (የክር መምቻው) አቅጣጫ ነው።

አዝማሪው ደጋኑን አንዴ ሲስብ በግራ ጣቶቹ ሦስት አራት ድምፅ ያወጣል። ማንዶሊን ላይ ድምፁ ሁሉ የየራሱን ምት ይፈልጋል። የእስክስታው ምት፣ ችክችካ፣ ደግሞ በስድስት ይቆጠራል፣ ክብደቱም አንድና አራት ላይ ነው። ታች-ላይ-ታች-ላይ እያሉ በመደዳ ቢመቱ አራተኛው ወደ ላይ ይውልና ይሳሳል። ዜማው ሳይሳሳት እስክስታው ይጠፋል። ስለዚህ ስድስቱ ለሁለት ይከፈላል፦ ታች-ላይ-ታች፣ ታች-ላይ-ታች። በማንዶሊን ጂግ የተባለውን፣ በስድስት የሚቆጠረውን የአየርላንድ ጭፈራ ዜማ የሚጫወቱም ብዙዎቹ የሚመቱት እንዲሁ ነው።

ጣጣው ሦስትና አራት ላይ ሁለት ታች መከታተላቸው ነው። ማንዶሊን እንደ ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል። የትዝታን ቅኝት ከሶል ብንጀምር ሶል-ላ-ሲ በሶል ክር (ክፍት ማለትም ያለ ጣት፣ 2ኛ፣ 4ኛ ፍሬት ማለትም በአንገቱ ላይ ያለው ብረት)፣ ሬ-ሚ-ሬ በሬ ክር (ክፍት፣ 2ኛ፣ ክፍት) ይወጣል። ሲን ወደ ታች የመታው ፒክ ሬ ክር ላይ ያርፋል፤ ከዚያው ገፋ ሲደረግ ሬ ይሰማል። መውጣቱ ቀላል ነው።

መውረዱ ነው የሚያስቸግረው፦ ሬ-ሚ-ሬ፣ ሲ-ላ-ሶል። ሬን መትቶ የወረደው ፒክ የሬንም የሶልንም ክር በላይ በኩል ዘልሎ ተመልሶ ሲን ወደ ታች መምታት አለበት። ሲፈጥን ወይ መንገድ ላይ ሬን ይነካካል፣ ወይ ሲ ይዘገያል። ብዙ ሰው እዚህ ሳይታወቀው ሲን ወደ ላይ ይመታዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይገለበጣል።

መላው ዜማውን ለጊዜው ትቶ እነዚህን ስድስት ድምፆች ብቻ መደጋገም ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 50 ላይ ያድርጉት፣ በአንድ ምቱ ሦስት ድምፅ። አሥር ጊዜ ያለ ስሕተት ሲወጣ በ4 ይጨምሩ። 100 ላይ ሲደርስ በሰከንድ አምስት ድምፅ ነው፣ ቀላል አይደለም። እጁ የሚንቀሳቀሰው ከአንጓው ነው፤ ክንድ መድረቅ ከጀመረ ይቁም። ፒኩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው፣ ስሱ ታጥፎ እስኪመለስ ጊዜ ይበላል። በክሮቹ መሐልም ጫፉ ብቻ ይግባ፤ ጠልቆ ከገባ መዝለሉ ይረዝማል።

ከመጀመርዎ በፊት ጥንድ ጥንዶቹን ክሮች ይቃኙ። በክረምት ጣና ዳር እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ቅኝቱም ይንሸራተታል፤ ጥንዱ ሲዛባ ንጹሕ ምት እንኳ ደብዝዞ ይሰማና ሰው በእጁ ያሳብባል።

የማሲንቆውን ጌጥ ሁሉ በፒክ ለመምታት አይሞክሩ። ክሩ ከተመታ በኋላ የግራ ጣትን ፍሬቱ ላይ በኃይል ጣል ማድረግ ይበቃል። በአራት ለሚቆጠር ዘፈን ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፣ ተራው ታች-ላይ ይሠራል።