«የሦስት ወር ስኳር» ምን ማለት ነው?

በጅማ የስኳር ሕመም ክትትል ያለው ሰው፣ ጠዋት በባዶ ሆዱ ተለክቶ 110 ከተባለ በኋላ «የሦስት ወሩ ግን 9 ነው» ቢሉት ግራ መጋባቱ አይቀርም። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። የጣት ደም የዚያችን ሰዓት መጠን ብቻ ሲያሳይ፣ «የሦስት ወር ስኳር» የሚሉት ኤዋንሲ (HbA1c) የተባለው ምርመራ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን) ምን ያህሉ ላይ ስኳር እንደተጣበቀ በመቶኛ ይገልጻል፤ ሕዋሱም 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር፣ ውጤቱ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ይናገራል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲቀርብ ብቻ ቡናን ያለ ስኳር መጠጣት (ብዙዎች የሚያደርጉት ነው) የጠዋቱን ቁጥር ቢያሳምርም ይህኛውን እምብዛም አይለውጠውም። ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። ለምርመራው መጾም አያስፈልግም፤ የደም ማነስ ግን ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ያለበት ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።