ዳንቴልና የህንድ ዳንስ በዳር ሰፈር

የአዲስ አበባ ዳር ድሮ ሽሮ ሜዳና ኮልፌ ነበር። አሁን ዳሩ ሸሽቷል። የኮንዶሚኒየም ግንባታው በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ ጤፍና ስንዴ ይታጨድበት የነበረው መሬት ብሎክ በብሎክ ሆነ። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ። እጣ የወጣለትም፣ የተከራየም፣ መሀል ከተማ ቤቱ ፈርሶ የተነሳም አንድ ደረጃ እየተጋራ ይኖራል። ስራው ግን አብዛኛው አሁንም መሀል ከተማ ነው። ስለዚህ የዳር ሰፈር ሰው ቀኑን በሰልፍ ይጀምራል፣ በሰልፍ ይጨርሳል። ባቡሩ በ2008 ስራ ሲጀምር አያትን ከጦር ኃይሎች አገናኝቷል፤ ከአያት ወዲያ ላለነው ግን ያው ሚኒባስና አውቶቡስ ነው።

ይህን የማነሳው ለማማረር አይደለም። ማማረሩን ታክሲ ውስጥ እንጨርሰዋለን። ነገሩ እዚህ ትርፍ ጊዜ የሚባለው ሙሉ ሆኖ አይመጣም፤ ቁርጥራጭ ነው። ሰልፍ ላይ ሀያ ደቂቃ፣ መብራት ሲጠፋ አንድ ሰዓት፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሰው የሚይዘው መዝናኛም በዚህ ልክ የተቆረጠ መሆን አለበት። ወጣቱ ጆተኒና ፑል አለው፣ የእንግሊዝ ኳስ አለው፣ አባቶች ዳማ አላቸው። ስለ እነዚህ ብዙ ተብሏል። እኔ የማወራው ብዙም ስለማይነሱት ሁለቱ ነው፤ አንደኛው በየቤቱ አለ፣ ሁለተኛው በየቤቱ የለም፣ ቢኖር ግን ከታች ላለው ጎረቤት ወዲያው ይሰማል።

መጀመሪያ ዳንቴል። ስሙ የፈረንሳይ ነው፤ እዚያ ስስ የክር ጌጥ ማለት ነው። የመርፌው ስም ኪሮሽም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው፣ ትንሽ መንጠቆ እንደማለት። ለገሃርን የሰጠን ቋንቋ ይሄንንም ሰጥቶናል። እኛ ጋ ዳንቴል የሚባለው በኪሮሽ የተሰራው ነገር ራሱ ነው፦ የሶፋ መደገፊያው ላይ የሚጣለው፣ ቴሌቪዥኑ ገና ሆዳም በነበረበት ዘመን አናቱ ላይ ይነጠፍ የነበረው፣ የፍሪጁ፣ የጠረጴዛው፣ የረከቦቱ። ቴሌቪዥን ሲሳሳ ዳንቴሉ ማረፊያ አጣና ወደ ስታንዱ ወረደ።

ኪሮሽ ለሰልፍ የተፈጠረ ይመስላል። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሰራ አንድ ረድፍ ሙሉ ቀለበት መርፌው ላይ ተሰድሮ ይቀመጣል፤ መርፌው ሾልኮ ከወጣ ያ ሁሉ ይተረተራል። በኪሮሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት የሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ሚኒባሱ ሲመጣ ቀለበቱን ትንሽ ስቦ ማስረዘም፣ ፌስታል ውስጥ መክተት፣ መጋፋት። መገናኛ ወርዶ እንደገና ሰልፍ ሲያዝ ካቆሙበት መቀጠል። መብራት ሲጠፋም አይቆምም፤ ነጭ ክር በሻማም ይታያል። ጥቁር ክር ከሆነ ግን እርሱት። አንዳንድ እናቶች ጥቁር የማይገዙት ለሀዘን ስለሆነ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለአይናቸው ነው።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው። ሹራብ ፋብሪካ ይሰራዋል። ኪሮሽን ግን በእጅ እንደሚሰራው አድርጎ በብዛት የሚያመርት ማሽን እስካሁን የለም። ሱቅ ውስጥ የተሰቀለች እውነተኛ የኪሮሽ ስራ ካያችሁ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው በእጁ ሰርቷታል ማለት ነው። አየርላንድ ውስጥ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ረሀብ በገባ ጊዜ መነኮሳት ሴቶች ይህን ሙያ ለድሃ ቤተሰብ አስተምረው ነበር፤ በኪሮሽ ጌጥ ሽያጭ ክፉውን ጊዜ የተሻገረ ብዙ ነው። እኛ ሰፈርም በዳንቴል ልጅ ያስተማሩ እናት አውቃለሁ። ዛሬ ግን ሂሳቡ አይገጥምም። ክሩ ተወዷል፣ ገዢው ደግሞ የሚከፍለው ለክሩ ነው እንጂ ለሁለት ሳምንቱ ማታ አይደለም። የሚያዋጣው ትንሽ ነገር ነው፦ የህፃን ጫማ፣ ኮፍያ፣ አሚጉሩሚ የሚባለው የጃፓኖች አሻንጉሊት። ወጣቶቹ እሱን ይሰሩና ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ።

እኔ የተማርኩት ከአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ከእማማ ነው። ወንድ ነኝ። «ወንድ ልጅ ዳንቴል ይሰራል እንዴ?» ያላለኝ የለም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ብታዩ የዶርዜ ሸማኔዎች ወንዶች ናቸው፣ ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ ጥበቡን የሰሩት እነሱ ናቸው። ባዘቶውን አዘጋጅታ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፣ ድርና ማጉን የሚያዋህደው ወንድ። በአገራችን ክር የወንድም ስራ ነው። መንጠቆ ስትይዝ ብቻ ነው ነውር የሚሆነው።

የመጀመሪያ ስራዬ ክብ የረከቦት ዳንቴል ነበር፤ ሆኖም ዳንቴል አልሆነም። ቪዲዮ እያየሁ ነው የጀመርኩት። ያላወቅኩት ነገር የአሜሪካውና የእንግሊዙ አጠራር አለመግጠሙን ነው። አሜሪካኖቹ ሲንግል የሚሉትን አጭሩን ቋጠሮ እንግሊዞቹ ደብል ይሉታል፤ አሜሪካኖቹ ደብል የሚሉት ደግሞ ረጅሙን ነው። ክብ ነገር ጠፍጣፋ እንዲሆን በየዙሩ እኩል ቁጥር መጨመር አለበት። በአጭሩ ቋጠሮ ስድስት ስድስት ነው፦ 6፣ 12፣ 18፣ 24። በረጅሙ አስራ ሁለት አስራ ሁለት ነው፦ 12፣ 24፣ 36፣ 48። እኔ ረጅሙን እየሰራሁ የአጭሩን ቁጥር እቆጥራለሁ። አራተኛው ዙር ላይ ጠርዙ ወደ ላይ መነሳት ጀመረ። ሲተኛ ይስተካከላል ብዬ ቀጠልኩ። እማማ አገላብጠው አዩትና «የኔ ልጅ፣ ይሄማ ኮፍያ ነው» አሉኝ። ደግሞ ፈርቼ በሚቀጥለው አበዛሁት፣ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማደደ። ሶስተኛው ላይ ነው የተኛልኝ።

ስላለቀ ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም። ታጥቦ፣ ስኳር በበዛበት ውሃ ተነክሮ፣ በስፒል ተወጥሮ ይደርቃል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። ስኳሩን ካበዛችሁት ግን ጉንዳን ይጠራል። ከራሴ የደረሰ ነው፣ ዝርዝሩን ልለፈው።

አሁን ወደ ዳንሱ። የህንድ ፊልም እዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከህንድ የመጡ መምህራን፣ ብዙዎቹም ከኬረላ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ሂሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። ፊልሙም በሲኒማ ቤት፣ ኋላም በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ገባ። እናቶቻችን ቋንቋውን ሳያውቁ አልቅሰውበታል። ነገር ግን ፊልም ላይ የምናየው ጭፈራ በአብዛኛው ቅይጥ ነው፤ ጥንታዊው የህንድ ዳንስ ከሱ ይለያል። ለሁለቱ ድልድይ የሆኑ ተዋናዮች አሉ፦ እነ ቫይጃያንቲማላ፣ እነ ሄማ ማሊኒ ከፊልሙ በፊት በጥንታዊው ዳንስ የሰለጠኑ ናቸው። የዱሮ ፊልም ላይ አንገቷንና አይኗን ለየብቻ የምታንቀሳቅስ ሴት አይታችሁ «ይሄስ እንዴት ይቻላል?» ብላችሁ ከሆነ መልሱ የዓመታት ትምህርት ነው።

የህንድ ብሔራዊ የሙዚቃ፣ የዳንስና የቴአትር አካዳሚ ጥንታዊ ብሎ የሚያውቃቸው ዳንሶች ስምንት ናቸው፦ ብሃራታናትያም፣ ካታክ፣ ካታካሊ፣ ኩቺፑዲ፣ ኦዲሲ፣ ማኒፑሪ፣ ሞሂኒያታም፣ ሳትሪያ። የመጨረሻው የተጨመረው በ2000 (እ.ኤ.አ.) ነው። ካታካሊ ፊት በአረንጓዴ ቀለም የሚቀባበት የኬረላ ድራማ ነው። ካታክ የሰሜን ነው፤ ስሙ «ተረት» ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን እየዞሩ ታሪክ ከሚያወሩ ተራኪዎች ጋር ይያያዛል። ቀጥ ብሎ መቆም፣ በእግር መርገጥ፣ በፍጥነት መሽከርከር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ከመቶ በላይ ቃጭል። ስልክ ላይ ዳንስ የሚማር የኛ ሰፈር ልጅ የሚያገኘው ግን በብዛት ብሃራታናትያምን ነው።

ብሃራታናትያም ከደቡብ ህንድ፣ ከታሚል ናዱ ነው። ለዘመናት የቤተ መቅደስ አገልጋይ በሆኑ ሴቶች እጅ ኖሯል። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ሴቶቹ ተናቁ፣ ሙያቸውም ነውር ተባለ። በ1947 (እ.ኤ.አ.) ማድራስ ላይ የወጣ ህግ ልጃገረዶችን ለቤተ መቅደስ መስጠትን ከለከለ። ዳንሱ ግን ቀደም ብሎ ወደ መድረክ ወጥቶ ነበር፤ ሩክሚኒ ዴቪ አሩንዴል የተባለች ሴት በ1936 (እ.ኤ.አ.) ካላክሼትራ የሚባለውን ትምህርት ቤት ከፍታ የጨዋ ልጅ የሚማረው ነገር አደረገችው። መልሳ አከበረችው የሚል አለ፣ ከባለቤቶቹ ወሰደችው የሚልም አለ። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። «አዝማሪ» ስድብ ሆኖ የኖረበት፣ አሁን ደግሞ ያው አዝማሪ ትልቅ ሆቴል መድረክ ላይ የሚጨበጨብለት አገር ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ አይከብደውም።

እኛ ብሎክ አንዲት ልጅ አለች፣ አስራ ሶስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚናሉ፣ የነዋሪው የጋራ ቤት፣ ውስጥ ስልኳን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትለማመዳለች። መጀመሪያ የሚማሩት መቆምን ነው። ተረከዝና ተረከዝ ተጠጋግቶ፣ ጣቶች ወደ ጎን ዞረው፣ ጉልበት ወደ ውጭ ተከፍቶ፣ ግማሽ ቁጭ ተብሎ፣ ጀርባ ግን እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ። አንድ ደቂቃ ሞክሬ ጭኔ ለሁለት ቀን አሞኛል። ከዚያ በባዶ እግር መሬቱን በሙሉ ውስጥ እግር መምታት፦ «ተይያ ተይ፣ ተይያ ተይ»። ያው እርምጃ በሶስት ፍጥነት ይሰራል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ፣ ሶስተኛው የሁለተኛው እጥፍ። ብዙውን ጊዜ ስምንት ምት ባለው ዙር ይቆጠራል። እጅ ደግሞ የራሱ ፊደል አለው፦ አራቱ ጣቶች ገጥመው አውራ ጣት ሲታጠፍ ባንዲራ ይባላል፣ አምስቱም ተበትነው ሲከፈቱ የፈካ አበባ ነው። የአንድ እጅ ምልክት ብቻ አንደኛው ጥንታዊ መጽሐፍ 24፣ ሌላው 28 ይቆጥራል።

እስክስታ የለመደ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። የኛ ትከሻ ይናገራል፣ እግር ቦታ ይይዛል። እዚያ ትከሻ ጸጥ ማለት አለበት። ልጅቷ ለወራት የታገለችው ከእግሯ ጋር አይደለም፣ ምቱ ሲሞቅ ሳታውቀው ከሚንቀጠቀጥ ትከሻዋ ጋር ነው። አንገቷ ግን ወዲያው ታዘዘላት፤ እሱማ እኛም ጋ አለ።

ኮሚናሉ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ለጉልበት መጥፎ ነው። እናቷ ወፍራም ምንጣፍ አነጠፉላት፣ ድምፁንም ትንሽ ቀነሰው። ድሮ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ከታች ያሉት ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይመቱ ነበር። ዳንሱ ሲጀመርና ሲያልቅ የሚሰራ አንድ ሰላምታ አለ፤ ዳንሰኛዋ ዝቅ ብላ መሬቱን ትነካና እጇን ወደ አይኗ ትወስዳለች፣ ምድርን «ልረግጥሽ ነው፣ ይቅር በይኝ» እንደማለት ነው። ልጅቷ ይሄን ለሰውዬው ስትነግራቸው «እኔንስ ማን ይቅርታ ይጠይቀኝ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ሲያገኟት «ምድር ደህና ናት?» ይሏታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚናሉ በር ላይ ቡና ይፈላል። እማማ ዳንቴላቸውን ይዘው ይወርዳሉ፣ እኔም የኔን። ውስጥ ልጅቷ ትረግጣለች፣ እኛ እንቆጥራለን። ባለፈው ቶናው እየተቀዳ መብራት ሄደ። ከስፒከሩ ሙዚቃው ተቋረጠ። ልጅቷ ግን አላቆመችም፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ራሷ መቁጠር ጀመረች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ እስከ ስምንት፣ እንደገና ከአንድ። እማማ 48ን አልፈው ወደ 60 እየሄዱ ነበር። ከንፈራቸው ከሷ ጋር ወደ ስምንት ተመለሰ። ኪሮሹን አቆሙና ዳንቴሉን ተመለከቱ፣ እኔን ተመለከቱ።

«አንቺ ልጅ! በልብሽ ቁጠሪ እንጂ!»

አንድ ዙር ሙሉ ፈቱ።